ከጀጎል ግንብ እስከ ቆንዱዶ፦ በሐረርና በድሬዳዋ ተራሮች ላይ እንዴት እንሩጥ?

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሐረር ጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ቡዳ በር አጠገብ ብትቆሙ በሐኪም ጋራ በኩል ወደ ከተማ የሚመጡ ሴቶችን ታያላችሁ። አንዷ ጭራሮ ተሸክማለች። ሌላዋ ወተት ይዛለች። አህያው ከፊት፣ ባለቤቱ ከኋላ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። እርምጃቸው አጭር ነው፤ ጉልበታቸው ትንሽ ታጥፏል፤ አይናቸው ከእግራቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ፊት ለፊት ያያል። ማንም አላሰለጠናቸውም። እኔ ግን ተራራ ላይ መሮጥን የተማርኩት ከእነሱ ነው።

ሐረርና ድሬዳዋ ውስጥ ሯጭ ሞልቷል። አብዛኛው ግን አስፋልት ላይ ወይም ሜዳ ውስጥ ነው የሚሮጠው። ሲያዩት ቅርብ የሆነው ተራራ ሳይረገጥ ይቀራል። «መንገዱን አላውቀውም» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእነዚህ ሰዎች ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንግባባ። እዚህ አካባቢ ቀለም የተቀባ፣ ምልክት የተተከለበት የመሮጫ መንገድ አትጠብቁ። ያለው የገበያ መንገድ፣ የውሃ መንገድ፣ የከብት መንገድ ነው። እኛ በሰው መንገድ ላይ እንግዶች ነን። ስለዚህ መንገድ የምንመርጠው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ይህ ዱካ የት ያደርሳል? ውሃ የት ይገኛል? ብጎዳ በየት በኩል ቶሎ ወደ መኪና መንገድ እወጣለሁ? ሦስቱም መልስ ካላገኙ ያን ቀን ሌላ መንገድ እንሩጥ።

መጀመሪያ፦ ከፍታችሁን እወቁ

ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ሐሮማያ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ቆንዱዶ 3,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ጋራ ሙለታ ደግሞ 3,381 ሜትር ነው፤ ሐረርጌ ውስጥ ከሱ የሚበልጥ ተራራ የለም።

ቁጥሩ ሳንባችሁ ላይ የሚሠራው ሥራ አለ። 2,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። 3,000 ሜትር ላይ ቅናሹ 30 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። የድሬ ልጅ ሐሮማያ ወጥቶ በለመደው ፍጥነት ሲሮጥ ልቡ ቶሎ የሚመታው ለዚህ ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ከቆላ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እያወራ መሮጥ በሚችልበት ፍጥነት ብቻ እንዲሮጥ እመክራለሁ። አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል።

ሙቀቱም ይለያያል። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ከድሬ በስስ ካናቴራ ተነስቶ ቆንዱዶ ጫፍ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይቻለሁ።

አሁን ሒሳብ። የተራራ ሯጮች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፤ እያንዳንዱን 100 ሜትር ዳገት እንደ 1 ኪሎ ሜትር ሜዳ ቁጠሩት። 8 ኪሎ ሜትር መንገድ 400 ሜትር ዳገት ካለው ለእግራችሁ 12 ኪሎ ሜትር ነው። ጊዜያችሁን፣ ውሃችሁንና ምግባችሁን በ12 አስሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «8 ኪሎ ሜትር ናት» ብሎ ግማሽ ሊትር ውሃ ይዞ ይወጣል።

ወቅትና ሰዓት

ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። መሬቱ ደርቋል፣ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መስከረም ላይ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድግ ማሳ ለማሳ የሚሄዱት ዱካዎች ይሸፈናሉ፤ ፊት ለፊታችሁ ማን እንደሚመጣ አታዩም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲታጨድ አገሩ ይገለጣል። የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ የክረምቱ ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ ዱካውን ያሟልጨዋል። በዝናብ ወቅት ከሰዓት በኋላ ተራራ ጫፍ ላይ መገኘት የለባችሁም። መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

ድሬዳዋ ላይ ለሚሮጥ ሰው ከሁሉ በላይ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ስትሮጡ ወደ ደጋው ተመልከቱ። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ለእግር ይመቻል፣ ሰው ይወደዋል። ነገር ግን ጎርፉ የሚመጣው ከተማው ላይ በዘነበው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ተራራው ላይ በዘነበው ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ድሬ ላይ ያን ሌሊት የማያስታውስ ቤተሰብ የለም። ወደ ደንገጎ ተራራ አቅጣጫ ሰማዩ ከጠቆረ፣ እናንተ ላይ ፀሐይ ቢወጣም ከወንዙ ውጡ። ወዲያው።

ሰዓትን በተመለከተ፤ ሲነጋ ጀምሩ እንጂ ሳይነጋ አትጀምሩ። ሐረር ላይ ጅብ ከሰው ጋር ተላምዷል ይባላል፤ ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ሲመገብም ያያችሁ አላችሁ። እሱ ሌላ ነው። ጨለማ ውስጥ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጅብ ሌላ ነገር ነው። ድንገት ካጋጠማችሁ አትሩጡ። ቁሙ፣ ፊታችሁን ወደሱ አዙሩ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ቀስ እያላችሁ ራቁ። ውሻም እንደዚያው ነው። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ እንደማንሳት ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ መወርወር አያስፈልግም። ከነከሳችሁ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። «ቀላል ናት» አይባልም።

የምትይዙት

ጫማ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ጣታችሁ ፊት ለፊት የጥፍር ያህል ቦታ ያለው ይሁን። ሰልባጅ ተራ በደንብ ከተፈለገ የተራራ ጫማ ይገኛል። ስትገዙ ሶሉን በእጃችሁ እጠፉት፤ መሃሉ ላይ እንደ ወረቀት ከታጠፈ ተዉት። ማስቲሹ የለቀቀ እንደሆነም እዩ፤ ዳገት ላይ አፉን የሚከፍት ጫማ ቀናችሁን ያበላሻል። ለቁልቁለት ደግሞ ክሩን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አስራችሁ ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁት። እግር ወደ ፊት ሲንሸራተት ነው ጥፍር የሚጠቁረው።

ውሃ፤ ለአንድ ሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ድሬ ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ። ከሁለት ሰዓት ለሚበልጥ ሩጫ ውሃ ብቻ አይበቃም። ቤት ውስጥ የሚሠራው ቀላል ነው። 1 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ሙሉ ይሁን እንጂ አይቆለል። ጨው ከበዛ ጉዳት አለው።

ምግብ እዚሁ አለልን። የባቢሌ ኦቾሎኒ፣ ቴምር፣ ሙዝ። በሶ ከምንም ይበልጥብኛል፤ ማታ በማርና በትንሽ ጨው አሽታችሁ ድብልብል አድርጋችሁ በላስቲክ ቋጥሩት። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ፈጢራ መብላት ግን ይቅርባችሁ። ከሩጫ በኋላ ግን በእንቁላልና በማር፣ ማን ይከለክላችኋል!

ስልክ ሙሉ ቻርጅ ይሁን። ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ካርታውን ቤት ሆናችሁ አውርዱት፤ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ ይበቃል። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ስልኩ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሰዋል፤ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ትንሽ ብር፣ ፊሽካ፣ የቁስል ፋሻ። ከዚህ በላይ አትሸከሙ።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ጀጎልን መዞር

አንድ ወር ሙሉ እዚህ ላይ ቆዩ። የጀጎል ግንብ ዙሪያው ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለሯጭ ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ ሊጠፋባችሁ አይችልም።

ከሸዋ በር ጀምሩ። ግንቡን በቀኝ እጃችሁ ይዛችሁ በፈላና በር፣ በኤረር በር፣ በሰንጋ በር፣ በቡዳ በር አድርጋችሁ ትመለሳላችሁ። መንገዱ አንዴ አስፋልት፣ አንዴ ኮብልስቶን፣ አንዴ አፈር ነው። ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ መለዋወጥ ነው ቁርጭምጭሚትን የሚያጠነክረው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዙር፣ ዳገቱን እየተራመዳችሁ። በሁለተኛው አንድ ዙር ሳትቆሙ። በሦስተኛው ሁለት ዙር። በአራተኛው አንዱን ዙር እንደተለመደው፣ ሁለተኛውን በተቃራኒ አቅጣጫ ዙሩ። የወጣችሁትን መውረድ ያስተምራችኋል። በሳምንት ሦስት ቀን በቂ ነው። የገበያ ሰዓት ሸዋ በር ላይ አትግቡ፤ ሰው ሸክም ይዟል፣ እናንተ ግን ባዶ እጃችሁን ናችሁ። መንገድ የምትለቁት እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ሐኪም ጋራ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ምክንያቱም የተራራ ሩጫ እውነተኛ ትምህርት ቤት ይህ ነው። ሐኪም ከሐረር በስተደቡብ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ስሙን ያገኘው እዚያ ካለው የአው ሐኪም መቃብር ነው። ጫፉ ላይ ሆናችሁ ወደ ሰሜን ስታዩ ጀጎል በሙሉ እጃችሁ መዳፍ ላይ ያለች ይመስላል። ወደ ምሥራቅ የኤረር ሸለቆ ይዘረጋል።

በቡዳ በር በኩል ውጡና ወደ ተራራው የሚያቀናውን መንገድ ያዙ። መጀመሪያ ቤቶች፣ ቀጥሎ የጫት ማሳ፣ ከዚያ ባሕር ዛፍና ቁልቋል ያገኛችኋል። ዱካው በየቦታው ይከፋፈላል። የምታገኙትን ሰው ጠይቁ። በኦሮምኛ «አካም ቡልተን?» በሉ መጀመሪያ፤ እንዴት አደራችሁ ማለት ነው። «ነጋ» ይሏችኋል። ከዚያ «ከራን ኩን ኤሰ ገአ?» ይህ መንገድ የት ያደርሳል ማለት ነው። ውሃ ከፈለጋችሁ «ቢሻን ኤሰ ጂራ?»። አነጋገራችሁ ቢሰባበርም ግድ የለም። ሰላምታ ሳይሰጥ እየሮጠ የሚያልፍ ሰው ጠዋት በማለዳ ሌባ ነው የሚመስለው። ሰላም ብሎ የሚያልፍ ግን እንግዳ ነው። አቦ፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው!

የጫት ማሳ ውስጥ አትግቡ። አቋራጭ ቢሆንም አትግቡ። ያ ማሳ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ነው፤ ጠባቂም አለው። እርከኑን ከዘለላችሁት ደግሞ ድንጋዩ ይናዳል። አንድ ቀን እኔም ዘልዬ ሁለት ድንጋይ አስወደቅሁ። ባለማሳው አባባ ከላይ ሆነው አዩኝ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ና መልሰው» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት አብረን ደረደርነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በእርከን ጫፍ እዞራለሁ፤ እሳቸውም ሲያዩኝ እጃቸውን ያነሱልኛል።

ዳገቱን እንዲህ ውጡ። መሮጥ እስከቻላችሁ ድረስ አጭር አጭር እርምጃ። ትንፋሻችሁ ሲቆራረጥ ወዲያው ወደ መራመድ ቀይሩ። መራመድ ነውር አይደለም፤ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ከሯጩ የሚቀድም ጥሩ ተራማጅ አለ። እጃችሁን ከጉልበታችሁ በላይ ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ግፉ። ጀርባችሁን አታጉብጡ፤ ደረታችሁ ሲዘጋ አየር ያጥራችኋል። ተረከዛችሁ መሬት ሲነካ ባታችሁ ያርፋል፤ ሁልጊዜ በጣት መውጣት ባትን ያቃጥላል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከብዳል። ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው፤ እኔም ቁርጭምጭሚቴን የወለምኩት ሐኪም ላይ ስወርድ ነው፣ ሦስት ሳምንት አስተኝቶኛል። ስህተቴ ወደ ኋላ መለጠጤ ነበር። ፍርሃት ሰውነትን ወደ ኋላ ይስበዋል። ያኔ ተረከዝ ቀድሞ ያርፋል፣ ጠጠሩ ይንሸራተታል፣ ጉልበት ቀጥ እንዳለ ክብደቱን ይቀበላል። መፍትሔው የእነዚያ ሴቶች አወራረድ ነው። ከወገብ ትንሽ ወደ ፊት። ጉልበት ላላ። እርምጃው አጭርና ብዙ። ክንድ ወደ ጎን ተከፍቶ ሚዛን ይጠብቅ። አይናችሁ ሦስት አራት እርምጃ ቀድሞ ይይ እንጂ ጫማችሁን አትመልከቱ። ድንጋይ ላይ ካረፋችሁ ቶሎ ልቀቁት፤ እግር ያልቆየበት ድንጋይ አይጥልም። አንድ አጭር ቁልቁለት መርጣችሁ፣ ሃምሳ ሜትር ያህል፣ በሳምንት አንድ ቀን አስር ጊዜ ውረዱት። ወጥታችሁ ስትመለሱ ግን በእርምጃ።

መጀመሪያ እስከ ግማሽ፣ ከዚያ እስከ ጫፍ፣ ከዚያ ጫፉን ዞሮ መመለስ። በሁለት ወር ውስጥ ይደርሳል። መቃብሩ አካባቢ ስትደርሱ ሩጫውን አቁማችሁ በእርጋታ እለፉ፤ ሰው ለዱዓ የሚመጣበት ቦታ ነው። በረመዳን ደግሞ ውሃችሁን ከሰው ፊት ዞር ብላችሁ ጠጡ። መንደር ውስጥ ያሉ ሱቆችም ጠዋት ዝግ ስለሚሆኑ የምትፈልጉትን ሁሉ ከቤት ያዙ።

ሦስተኛው፦ የሐሮማያ ሐይቅ ዳር

ዳገት ለሰለቸው እግር ይህ ዕረፍት ነው። ከሐረር በሚኒባስ በአወዳይ በኩል ትሄዳላችሁ፤ ሃያ ኪሎ ሜትር አይሞላም። የሐሮማያ መሬት ሜዳማ ነው። ረዥም ሩጫ ለመልመድ ጥሩ ቦታ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር።

ነገር ግን ካርታውን እንዳታምኑት። ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ደርቆ ነበር። ለመስኖ በየማሳው በፓምፕ ተስቧል፤ ሐረርም ለዓመታት የጠጣችው ከእሱ ነው። ከተራቆቱት ኮረብቶች የታጠበው አፈርም ሞልቶታል። የውሃ ወፎች ይታዩበት የነበረው ቦታ ከብት ይግጥበት ጀመር። ከዓመታት በኋላ ግን ውሃው ተመለሰ። ሲመለስ ያየ ሰው ደስታውን አይረሳም። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ያለው የሐይቁ ጠርዝ የየትኛው ዓመት እንደሆነ አይታወቅም። በአንዱ ካርታ ላይ መንገድ የሆነው ዛሬ ውሃ ሊሆን ይችላል። እኔ መተግበሪያውን አምኜ በቀጭኗ መስመር ስሄድ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ያ ጭቃ ከኮረብታ የመጣ ደለል ነው፤ ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነው፣ ሲረግጡት ይውጣል። ነጭ ሆኖ የተሰነጣጠቀ መሬት ካያችሁ ከብት የረገጠበትን እዩ። ኮቴ ካለበት እለፉ። ከሌለበት ዙሩ።

እረኞች እዚህ ምርጥ መሪዎች ናቸው። አንድ ትንሽ ልጅ ከፊቴ እየሮጠ አምስት ኪሎ ሜትር አሳልፎኛል፣ ያውም ባዶ እግሩን። ገንዘብ ልስጠው ስል በሶዬን ነው የመረጠው። ሐሮማያ ላይ በደንብ ቆዩ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያለ ችግር መሮጥ እስክትችሉ ድረስ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

አራተኛው፦ ደንገጎ

ደንገጎ የድሬ ልጆች ተራራ ነው። ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ እዚህ ድረስ ይጠመዘዛል። ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚወጣው ከፍታ ወደ 800 ሜትር። ቅድም ባልነው ሒሳብ 28 ኪሎ ሜትር ሜዳ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አትሞክሩት።

አስፋልቱ ላይ አትሩጡ። ከባድ መኪና ይበዛል፤ ኩርባው ላይ ሹፌሩ አያያችሁም። ከኩርባ ኩርባ የሚያቋርጡ የእግር መንገዶች አሉ፤ ሕዝቡ የሚጠቀምባቸው ናቸው። ዳገታቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። አስፋልቱን ስትሻገሩ ብቻ ቆም ብላችሁ አዳምጡ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ከድሬ የአንድ ሰዓት ዳገት ወጥታችሁ ተመለሱ። በሌላ ቀን በሚኒባስ እስከ ደንገጎ ሄዳችሁ ቁልቁል ወደ ድሬ ውረዱ፤ ይህን ያለ ሐኪም ጋራ ልምምድ አትሞክሩት፣ ጭናችሁ አንድ ሳምንት ደረጃ አያስወርዳችሁም። ሦስተኛው ሙሉ ዳገቱ ነው። 12 ሰዓት ላይ ካልተነሳችሁ ለሌላ ቀን አሳድሩት።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። አንድ የግንቦት ቀን 3 ሰዓት ላይ ከድሬ ተነሳሁ። አንድ ትንሽ የሃይላንድ ውሃ ብቻ ይዤ ነበር። 5 ሰዓት ላይ ራሴ መዞር ጀመረ። ብርድ ብርድ አለኝ፤ በዚያ ሙቀት። ኩርባ ላይ የግራር ጥላ ስር ተቀመጥኩ። አንድ ከባድ መኪና ቆመ፤ ረዳቱ ወርዶ ውሃ አጠጣኝ፣ ራሴ ላይም አፈሰሰልኝ፣ ጭነውም አወረዱኝ። ሙቀት ውስጥ እየሮጣችሁ ብርድ ከተሰማችሁ፣ ወይም ንግግራችሁ ከተወላገደ፣ ያ ድካም አይደለም። ጥላ፣ ውሃ ራስና አንገት ላይ፣ ከዚያ ሕክምና። ብቻችሁን አትውጡ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከድሬ ሳትርቁ መሮጥ ከፈለጋችሁ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የሚወስደው ኮረብታ አለ። የድንጋይ ዘመን ሰዎች መሣሪያ የተገኘበት ቦታ ነው። ኮረብታው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲደርቅ ይይዛል፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ወደ ዋሻው ውስጥ አትግቡ፤ የተቆፈረ የቅርስ ቦታ ነው፣ ድንጋይም አታንሱ።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ ደግሞ የደንገጎና የቁልቢ መንገድ የተጓዦች ነው። በእግራቸው የሚሄዱ ምዕመናን መንገዱን ይሞሉታል። በእነዚያ ቀናት ሩጫውን ትታችሁ ውሃ ይዛችሁ ብትወጡ ጥሩ ነው።

አምስተኛው፦ ቆንዱዶና ጋራ ሙለታ

ስድስት ወር ሳይሞላችሁ አትምጡ። ቆንዱዶ ጉርሱም ወረዳ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ሜዳ የሆነ አምባ። አናቱ ላይ ዱር የገቡ፣ ቁጥራቸው በጣት የሚቆጠር ፈረሶች እንዳሉ ይነገራል። የማንም ያልሆኑ ፈረሶች ጉም ውስጥ ሲሮጡ ማየት ምን ማለት እንደሆነ በጽሑፍ አይገለጽም። ካያችኋቸው ቁሙ። አትጠጓቸው፣ አትከተሏቸው፣ ለፎቶ ብላችሁ አታባርሯቸው። ቁጥሩ ያነሰ መንጋ በድንጋጤ ገደል ሊገባ ይችላል።

አካሄዱ ከሌሎቹ ይለያል። ከአንድ ቀን በፊት ፉኛን ቢራ ከተማ ሂዱና አዳሩን እዚያ አድርጉ። ማታውኑ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይም ቀበሌው ጋ ሄዳችሁ ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ። የአካባቢውን ሁኔታ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ «ዛሬ ይቅር» ካሉ ይቀራል። የመንደሩን ሰው መሪ አድርጋችሁ ያዙ፤ ክፍያውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። መሪው አይሮጥም፣ እናንተም እስከ አምባው አትሮጡም። መውጣቱን በእግር፣ ሜዳውን ብቻ በሩጫ። ጃኬት፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ለመሪውም የሚሆን ምግብ። ጉም ከገባ ገደሉ ጠርዝ አይታይም፤ ከመሪው ከአስር ሜትር በላይ አትራቁ። 6 ሰዓት ከመሆኑ በፊት መውረድ ጀምሩ።

ጋራ ሙለታ በግራዋ በኩል ነው። ልጅ ኢያሱ በግዞት የተቀመጡበት ተራራ። ደኑ ከሁሉም የበለጠ ያረካል፣ ብርዱም ከሁሉም የበለጠ ነው። ዝግጅቱ እንደ ቆንዱዶ ነው።

ባቢሌ ላይ ያለው የዝሆን መጠለያ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ዝሆን ባለበት ጫካ አይሮጥም።

ከተመለሳችሁ በኋላ

የሮጣችሁበትን መንገድ በዚያው ቀን ጻፉ። ስልኩ መስመሩን ይመዘግባል፤ የማይመዘግበውን እናንተ ጻፉ። ውሃው የት ነበር? የትኛው መታጠፊያ አሳሳታችሁ? ክፉ ውሻ ያለው የትኛው ግቢ ነው? የትኛዋ እማማ በር ላይ ማረፍ ይቻላል? የእኔ ደብተር ላይ «ከሦስተኛው ቁልቋል አጥር በኋላ በስተግራ፣ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ያለበት» የሚል ይበዛል። ከማንኛውም ካርታ ይልቅ ይህ ጓደኛችሁን ያደርሰዋል።

እግራችሁን ታጠቡ፤ የቁልቋል እሾህ ትንሽ ስለሆነ ሳይታይ ይቀራልና በብርሃን ፈልጋችሁ በመርፌ አውጡት። ከቆንዱዶ በኋላ ሦስት ቀን አትሩጡ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ሸዋ በር ሂዱና ጀጎልን አንድ ዙር በእርምጃ ዙሩ። ቡዳ በር ስትደርሱ ወተት ይዘው የሚመጡትን ሴቶች ታገኛላችሁ። አካም ቡልተን በሏቸው።